ከርነል ሲታደስ የሚጠፋው ግራፊክስ፦ ችግርና መፍትሄ

መስኮት ሲጎተት ምስሉ የሚቆራረጥ፣ ቪዲዮ ሲከፈት ፕሮሰሰሩ የሚጨናነቅና ማራገቢያው ያለ እረፍት የሚጮህ የሊኑክስ ኮምፒውተር ሲያጋጥም፣ አንዳች ነገር ከመንቀል በፊት ምስሉን የሚሠራው ማን እንደሆነ ማየት ይገባል። የ«ጂኤልኤክስኢንፎ» ትእዛዝ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ «ኦፕንጂኤል ሬንደረር» ከሚለው መስመር ላይ የግራፊክስ ካርዱ ስም ከተገኘ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) በሥራ ላይ ነው፤ «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» ከተገኘ ግን ካርዱ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፣ ሸክሙም ሁሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ወድቋል።

ደጋግሞ የሚመጣብኝ ብልሽት ከከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ዝማኔ በኋላ የኤንቪዲያ ድራይቨር መጥፋቱ ነው። የኤንቪዲያ ሞጁል (ከርነሉ የሚጭነው የድራይቨሩ ክፍል) ከከርነሉ ጋር አብሮ ስለማይመጣ ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እንደ አዲስ መገንባት አለበት። በብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች ይህን የሚያከናውነው ዲኬኤምኤስ የተባለው ሞጁል ገንቢ መሣሪያ ሲሆን፣ የዚያው ከርነል ሄደር ፋይሎች (ለግንባታው የሚያስፈልጉ መግለጫዎች) ካልተጫኑ ግንባታው አይሳካም። በቡት ዝርዝሩ የቀድሞው ከርነል ሲመረጥ ግራፊክሱ ከተመለሰ ጥርጣሬው ልክ ነው። «ዲኬኤምኤስ ስታተስ» ከአዲሱ ከርነል ቁጥር አጠገብ ሞጁሉ መጫኑን ካላሳየ፣ በአዲሱ ከርነል ተነሥቶ «ዩኔም» በ«አር» አማራጭ ከሚሰጠው የከርነል ቁጥር ጋር አንድ የሆነውን የሄደር ፓኬጅ መጫን፣ ቀጥሎ «ዲኬኤምኤስ ኦቶኢንስቶል» የሚለውን ትእዛዝ ማስኬድ፣ ከዚያም ማሽኑን ሪስታርት ማድረግ ነው። ቁጥሩ በአንዲት አሃዝ ቢለይ እንኳ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ሞጁሉ ተገንብቶም ሞጁል ጫኚው ትእዛዝ «ሞድፕሮብ» ሲጠራው ቁልፉ ውድቅ መደረጉን የሚገልጽ መልእክት ከመጣ፣ ያገደው ሴክዩር ቡት (ማሽኑ የሚያምነው ፊርማ የሌለውን ሶፍትዌር የሚያግደው ጥበቃ) ነው፤ የሞጁሉ ፊርማ በማሽኑ ዘንድ አይታወቅም ማለት ነው። መፍትሄው ሞጁሉ የተፈረመበትን ቁልፍ በ«ሞክዩቲል» ትእዛዝ ማስገባትና ጊዜያዊ ፓስዎርድ መስጠት ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን መርጦ ያንኑ ፓስዎርድ መጻፍ ያስፈልጋል። ገጹ የሚጠብቀው 10 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ከማሽኑ ፊት መነሣት አይገባም። ፓስዎርዱም ከተራ ፊደልና ቁጥር ቢሆን ይሻላል፤ ገጹ የአሜሪካን የኪቦርድ አቀማመጥ ስለሚጠቀም ምልክቶች ቦታቸውን ሊለዋውጡ ይችላሉ። አንድ ላፕቶፕ በዚህ ጉዳይ ተመላልሶ መጥቶብኛል፤ ባለቤቱ ሰማያዊውን ገጽ ቫይረስ ነው ብለው በየጊዜው «ቀጥል» የሚለውን እየጫኑ ያልፉት ነበር፣ ቀጥሎም ድራይቨሩን ነቅለው ይጭናሉ፣ ያው ገጽ ይመጣል፣ ያልፉታል። ሴክዩር ቡትን ማጥፋትም ያሠራል፤ ነገር ግን በዚያው ማሽን ላይ በቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ዊንዶውስ ካለ የመልሶ ማግኛ ቁልፉን ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ቁልፉ በእጅ ሳይኖር ፈጽሞ እንዳይነካ።

ከዚህ የከፋው ከአምራቹ ገጽ የወረደውን የ«ራን» ጫኚ ፋይል በፓኬጅ በተጫነ ድራይቨር ላይ መደረብ ነው። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ላይብረሪ እየደመሰሱ ስለሚኖሩ ችግሩ በየዝማኔው ያገረሻል። በቅድሚያ የ«ራን» ጫኚውን በራሱ የማራገፊያ አማራጭ ማስወጣት፣ ቀጥሎ የኤንቪዲያ ፓኬጆችን ሁሉ ማጽዳት፣ በመጨረሻም ከስርጭቱ ማከማቻ ብቻ መጫን ይገባል። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ፍርስራሽ ያስቀራል። የድራይቨሩና የላይብረሪው ስሪት አይጣጣምም የሚለው መልእክት ግን ዝማኔ ተደርጎ ማሽኑ ሪስታርት ሳይደረግ ሲቀርም ይመጣል፤ ያኔ ሪስታርት ከማድረግ በቀር ምንም መነካት የለበትም።

የቀሩት አልፎ አልፎ የሚታዩ ናቸው። ሊኑክስ ሲጫን የገባ «ኖሞድሴት» (የካርዱን ድራይቨር የሚያግድ አማራጭ) በግራብ፣ ማለትም በቡት ጫኚው፣ መስመር ላይ ተረስቶ ከሆነ ይሰረዝ። ኤልኤልቪኤምፓይፕ የሚታየው በአንድ ተጠቃሚ ብቻ ከሆነ ካርዱን የመጠቀም ፈቃድ ወዳለው «ሬንደር» ቡድን ይግባ። ኤኤምዲ ካርድ ከዝማኔ በኋላ ካልተነሣ በ«ዲመሴጅ» (የከርነሉ መልእክቶች ዝርዝር) ውስጥ የጎደለ ፈርምዌር (በካርዱ ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር) ይፈለግ። በኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 900 እና ጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ካርዶች ላይ ኖቮ (ነጻው የኤንቪዲያ ድራይቨር) ሲንቀራፈፍ ብልሽት አይደለም፤ ፈርምዌሩ በፊርማ የተቆለፈ ስለሆነ ኖቮ የካርዱን ፍጥነት ከፍ ማድረግ አይችልም። ሁሉ ደኅና ሆኖ ቪዲዮ ብቻ ፕሮሰሰሩን ካጨናነቀ ጉዳዩ የቪኤ-ኤፒአይ (ቪዲዮን በካርዱ የሚያስፈታው መንገድ) ነው፤ «ቪኤኢንፎ» የተባለው ትእዛዝ የቪዲዮውን ኮዴክ (ቪዲዮው የታመቀበትን ዘዴ) ካልዘረዘረ ወይ የዲኮደር ፓኬጁ ጎድሏል፣ ወይ ካርዱ ያንን ኮዴክ አያውቀውም።