ከሽፋኑ በፊት ገጹን ቁጠሩ፦ የ1970ዎቹን የኮምፒውተር መጽሔቶች ስለ መግዛት

ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ የመጣ ዘመድ ሁሉ መደርደሪያዬን ሲያይ የሚለኝ አንድ ነው። «ይሄ እኮ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ!» አዎ፣ አለ። ባይት መጽሔት ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ስካን ተደርጎ ተቀምጧል፣ እኔም ማንበብ ሲያምረኝ የማነበው እዚያው ነው። ወረቀቱን የምገዛው ስካኑ ለማይሰጠኝ ነገር ነው። መሃል ላይ የተረሳች የትእዛዝ ካርድ፣ ባለቤቱ በእርሳስ ያረማት የፕሮግራም መስመር፣ የሜሞሪ ዋጋ ላይ የተደረገች ክብ። ሰውየው ደመወዙን ይዞ ሲያሰላ ይታየኛል።

ስለዚህ ምክሬ ከብዙ ሰብሳቢ ይለያል። ስም ያለውን ሽፋን ከማሳደዳችሁ በፊት፣ ምንም ያልጎደለው ቅጂ መለየትን ልመዱ።

ሁሉም የሚፈልገው የታወቀ ነው፦ የፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የጃንዋሪ 1975 እትም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። በእኛ 1967 ነው፣ ደርግ ባንኮቹን የወረሰበት ሰሞን።) ሽፋኑ ላይ ያለው አልቴር 8800 ነው፣ 397 ዶላር ተከፍሎ ቤት ውስጥ የሚገጣጠም ኮምፒውተር። ፎቶው ላይ ያለው ሣጥን ግን ባዶ ነው። እውነተኛው ናሙና ከአልበከርኪ ወደ ኒውዮርክ ሲላክ መንገድ ላይ ጠፋ፣ እነሱም የፊት ገጽታ ያለው ባዶ ቀፎ ሠርተው አስነሱት። ፖል አለን ሃርቫርድ አደባባይ ካለው ጋዜጣ መሸጫ ገዝቶ፣ በኋላ ማይክሮሶፍትን አብሮት ለመሠረተው ለቢል ጌትስ ያሳየው ይህንኑ እትም ነው። ዋጋው ሰማይ የሚነካውም ለዚህ ነው። ልብ በሉ፣ ጽሑፉ በአንድ እትም አላለቀም። ሁለተኛው ክፍል የወጣው ፌብሩወሪ ላይ ነው፣ ጃንዋሪን የሚያሳድደው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱን ይረሳዋል። እናንተ አትርሱት።

እኔ ከአልቴር በፊት ያሉትን አበልጣለሁ። ሬዲዮ ኤሌክትሮኒክስ የሚባለው መጽሔት በሴፕቴምበር 1973 የዶን ላንካስተርን ቲቪ ታይፕራይተር አወጣ፣ ፊደል ተይቦ በቤት ቴሌቪዥን ላይ ማየት ማለት ነው። በጁላይ 1974 ደግሞ በኢንቴል 8008 ቺፕ የሚሠራውን የጆናታን ታይተስን ኮምፒውተር፣ ማርክ 8ን፣ ሽፋኑ ላይ አወጣ። መጽሔቱ ውስጥ ያለው ግን ማስጎምዣ ብቻ ነው። ሙሉ ንድፉ ያለው ለብቻው በፖስታ በሚታዘዝ ቡክሌት ላይ ነበር፣ የቲቪ ታይፕራይተሩ 2 ዶላር፣ የማርክ 8ቱ 5 ዶላር። መጽሔቱን የሚሸጥ ሰው ስታገኙ ቡክሌቱን ጠይቁ። ስስ ስለሆነ የአሮጌ ወረቀት ክምር ውስጥ ገብቶ ባለቤቱ ራሱ ላያውቀው ይችላል።

ባይት የጀመረው በሴፕቴምበር 1975 ኒውሃምፕሸር ውስጥ ነው፣ አዘጋጁ ካርል ሄልመርስ፣ ዋጋው 1 ዶላር ከ50። የመጀመሪያው ቁጥር ውድ ነው፣ ለጀማሪ አይሆንም። የ1980ዎቹን መጀመሪያ ግዙ። እንደ ልብ ይገኛሉ፣ አንዳንዱ ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ ሰዎች ከቤታቸው ለማስወጣት ይቸኩላሉ፣ የሮበርት ቲኒ የሽፋን ሥዕሎችም አሉባቸው። የኦገስት 1981ዱን፣ ስሞልቶክ ስለሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የወጣውን ባለ ቀለም ፊኛ እትም፣ ካገኛችሁ አትለፉት። የዴቪድ አል ክሪኤቲቭ ኮምፒውቲንግም፣ የዌይን ግሪን ኪሎባውድም ጥሩ መጽሔቶች ናቸው፣ ዋጋቸው ከተስማማችሁ ውሰዱ።

ዶክተር ዶብስ ጆርናል የሚባለው የፕሮግራም መጽሔት ላይ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። በ1976 መጀመሪያ ሲወጣ ርእሱ ላይ «ታይኒ ቤዚክ» (ቤዚክ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ትንሹ ዓይነት) የሚል ነበረበት፣ ትንሽ ቆይቶ ነው «ኮምፒውተር» በሚለው የተተካው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በኋላ ተጠርዘው እንደ መጽሐፍ እንደገና ታትመዋል። «የመጀመሪያው ቁጥር አለኝ» የሚል ሻጭ ወፍራም ጥራዝ ካሳያችሁ፣ ያ በኋላ የታተመው ነው። ለማንበብ ግሩም ነው፣ በኦሪጅናል ዋጋ ግን አይገዛም።

የሆምብሩ ኮምፒውተር ክለብ ጋዜጣንማ ጀማሪ ባይነካው እመርጣለሁ። ኮምፒውተር በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ክለብ ነው፣ በማርች 1975 ካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ ጋራዥ ውስጥ ተሰብስቦ በዚያው ወር የመጀመሪያውን ወረቀት በተነ። ጥቂት ቀላል ገጾች ናቸው፣ ማንም ኮፒ ሊያደርጋቸው ይችላል፣ አድርጓቸዋልም። ከማን እጅ እንደወጣ የሚናገር ነገር ከሌለው፣ ለምሳሌ በፖስታ የመጣበት አድራሻና ማኅተም፣ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። እኔ የምገዛው ብዙውን ጊዜ ከሃም ሬዲዮ (የአማተር ሬዲዮ ወዳጆች) ገበያ ነው። በሜይ ኦሃዮ የሚደረገው ሃምቬንሽን ትልቁ ነው፣ በጸደይ ደግሞ ኒውጀርሲ ዎል ከተማ የአሮጌ ኮምፒውተር ፌስቲቫል አለ። ሻጮቹ በአብዛኛው በዘመኑ ራሳቸው ብየዳ ይዘው የሠሩ ሽማግሌዎች ናቸው። እንደ መርካቶ በግማሽ ዋጋ አትጀምሩ። መጀመሪያ «የትኛውን ነበር የሠሩት?» በሏቸው። አንዱን እንዲህ ብዬ ጠይቄው «ኢምሳይ» አለኝና (አልቴርን የመሰለ ኮምፒውተር ነው) ስለ ፊት ሰሌዳው ማብሪያ ማጥፊያዎች እያወራ ከመኪናው ሌላ ካርቶን አወረደ። ለሽያጭ ያላሰበው የተጠቃሚዎች ቡድን ጋዜጣ ነበረበት። ዋጋውን ራሱ ቀነሰልኝ።

መጽሔቱን ስታነሱ አስቀድማችሁ አሽትቱት። የሻጋታ ሽታ አይለቅም፣ ቤት ያለውንም ይበክላል፣ በነጻ ቢሰጧችሁ እንኳ ተዉት። የሲጋራ ሽታ ይታገሡታል። ቀጥሎ የኋላ ገጾቹን ወደ ብርሃን አዙሩ። ያኔ ዕቃ የሚታዘዘው ኩፖን በመቀስ ቆርጦ በፖስታ በመላክ ስለነበር፣ ማስታወቂያ ገጽ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ መኖሩ የተለመደ ነው። ቀዳዳው ታዲያ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍም ይዞ ይሄዳል። ሻጩ ሳያውቅ «ሙሉ ነው» ሊላችሁ ይችላል፣ ስለዚህ በስልካችሁ ስካኑን ከፍታችሁ ገጽ በገጽ አስተያዩ። መሃል ላይ የምትገባዋን፣ ቁጥር እየተከበበ ለማስታወቂያ መረጃ የምትላከዋን ካርድ ፈልጉ። ባለቤቱ የተጠቀመባት ከሆነ ተቀድዳ የወጣችበት ጠርዝ ይታያል።

በሽቦ ስቴፕል የተሰፋ ከሆነ መሃሉን ክፈቱ። ዝገቱ ወረቀቱን በልቶት ከሆነ መካከለኛው ቅጠል በጣታችሁ ስትነኩት ይላቀቃል። ማጉያ መነጽር ያዙ። የድሮ ኅትመት ላይ የቀለሙ ነጠብጣቦች ለየብቻቸው ጥርት ብለው ይታያሉ፣ ከስካን የታተመ ግን ደብዘዝ ይላል፣ ጥቁር ፊደሉ ዳር ላይ እንኳ የቀለም ብናኝ አለበት።

ኢንተርፌስ ኤጅ የተባለውን መጽሔት የሜይ 1977 እትም ካገኛችሁ ውስጡን ሳታዩ አትክፈሉ። አብራው የምትመጣ ስስ የፕላስቲክ ሸክላ አለች፣ ፍሎፒ ሮም ብለዋታል። ሙዚቃ እንዳይመስላችሁ፣ የተቀዳባት ቤዚክ ነው። በሸክላ ማጫወቻ ስትከፈት የሚወጣው ጩኸት ወደ ኮምፒውተር ይገባል። ሸክላዋ ከሌለች ግማሽ ዋጋም አያወጣም። ታጥፋ መስመር የያዘች ከሆነም ለማየት እንጂ ለማጫወት አትሆንም።

ዋጋ ለማወቅ ኢቤይ ላይ ሻጩ የጠየቀውን ተዉና የተሸጡትን ብቻ ለዩና እዩ። አንዱ ሺህ ዶላር ብሎ ለዓመታት ሊያስቀምጠው ይችላል፣ ያ የሱ ምኞት ነው።

ቤት ሲገባ ቤዝመንት ውስጥ አታስቀምጡት። የእኛ አካባቢ በጋ እርጥበቱ ለብቻው ያሻግታል። እኔ ሳሎን ከፀሐይ በራቀ ግድግዳ አድርጌዋለሁ፣ ባለቤቴም ከብዙ ድርድር በኋላ አንድ መደርደሪያ ፈቅዳልኛለች። ለእያንዳንዱ የማይላር (ብርሃን አሳላፊ ፖሊስተር ፕላስቲክ) ልባስና ከጀርባው አሲድ የሌለው ካርቶን አድርጉ። ተራ ለስላሳ ቪኒል ቀለሙን ስቦ ይጣበቅበታል። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ፣ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ቡኒ ሆኖ ወደ ፊደሉ ይዘልቃል። የአድራሻውን ወረቀት አትላጡ፣ ፎቶ ስታወጡ ግን የሰውየውን ስም ሸፍኑ።

በፖስታ የምትገዙ ከሆነ ሁለት ጠንካራ ካርቶን መሃል አድርጎ እንዲያሽግ ለሻጩ ጻፉለት፣ ማዕዘኖቹ እንዳይታጠፉ። ሻጩ «በሚዲያ ሜይል እልካለሁ፣ ርካሽ ነው» ካላችሁ እንቢ በሉ፤ ለመጽሐፍና ለመሰሉት የተመደበ ርካሽ የፖስታ ዋጋ ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ማስታወቂያ ያለበትን መጽሔት በዚያ ዋጋ አይቀበልም፣ እነዚህ ደግሞ ግማሽ አካላቸው ማስታወቂያ ነው። ከፍቶ ካየው ወይ ይመልሰዋል ወይ ልዩነቱን እናንተን ያስከፍላል። ጥቂት ዶላር ጨምራችሁ መከታተያ ቁጥር ባለው መደበኛ ጥቅል አስልኩት።