መኪናችሁን ከፍ ከማድረጋችሁ በፊት የሾኩን ጉዞ ለኩ

መኪናዬን መጀመሪያ ከፍ ያደረግኩት ሞላው ላይ ስፔሰር (ቁመት የሚጨምር ቀለበት) ጨምሬ ነው። ቁመቷ ደስ ይል ነበር። ግን ጉብታ አልፌ ጎማው ወደ ታች በተንጠለጠለ ቁጥር ከፊት «ጓ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሾኩ (የሞላውን ንዝረት የሚያበርደው) ሞቷል ብዬ አዲስ ገዛሁ፤ ድምፁ ንቅንቅ አላለም። ለካ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሾኩ የሚዘረጋበትን ቦታ በልቼበት ነበር።

ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ ቁመቱ የመጣው ከሾኩ መዘርጊያ ላይ ተበልቶ ነው ወይስ ከሾኩ ውጪ ተጨምሮ?

በቁጥር እንየው። ሾኩ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋበት ሙሉ በሙሉ እስኪሰበሰብ በጠቅላላ 200 ሚሊ ሜትር ይጓዛል እንበል። ሞላው በየሚሊ ሜትሩ 6 ኪሎ ይሸከማል፤ 600 ኪሎ ሲያርፍበት 100 ሚሊ ሜትር ይጨመቃል ማለት ነው። ሾኩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶም ሞላው አስቀድሞ 20 ተጨምቆ ይቀመጣል፤ ፕሪሎድ የሚባለው ይሄ ነው። መኪናው መሬት ሲቆም ታዲያ ሾኩ የሚሰበሰበው ቀሪውን 80 ብቻ ነው። ለመዘርጋት 80፣ ለመሰብሰብ 120 አለው።

አሁን ሞላው ላይ 25 ሚሊ ሜትር ስፔሰር አስገቡ። ክብደቱ ያው ስለሆነ ሞላው አሁንም 100 ይጨመቃል፤ ግን 45ቱ በፕሪሎድ ስላለቀ ሾኩ የሚሰበሰበው 55 ብቻ ነው። መዘርጊያው ከ80 ወደ 55 ወረደ፣ መሰብሰቢያው 145 ሆነ። «ፕሪሎድ ሞላውን ያጠነክረዋል» የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው፣ ያው 6 ኪሎ ነው። ደረቅ የሚያስመስለው ሾኩ ቶሎ ቶሎ ጫፉ ላይ ሲመታ ነው። ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲሰበሰብ ጥቅልሎቹ እንዳይነካኩም ማረጋገጥ አለባችሁ፣ ምክንያቱም ከድሮው 25 ተጨማሪ ይጨመቃል።

ጠንካራ ሞላ ብትቀይሩስ? ርዝመቱ ያው ሆኖ በየሚሊ ሜትሩ 8 ኪሎ የሚሸከም ብታስገቡ 75 ይጨመቃል፣ የፕሪሎዱን 20 ስትቀንሱ 55! መዘርጊያው እኩል ተበላ፣ በዚያ ላይ ይሄኛው የእውነት ይደርቃል።

ስፔሰሩ ከሾኩና ከሞላው በላይ፣ ሻንሲው ላይ ሲታሰር ግን ነገሩ ሌላ ነው። 80 እና 120 እንዳሉ ይቀራሉ፣ ፕሪሎዱም አይነካም። ዋጋው የሚከፈለው ሌላ ቦታ ነው፦ ጎማው ከድሮው በታች ስለሚንጠለጠል ቦል ጆይንቱ (ኳስ ያለበት መገጣጠሚያ) እና የአክስሉ መገጣጠሚያ ከልክ በላይ ይታጠፋሉ፣ የፍሬን ቱቦው ይወጠራል። ግጭት የሚቀበለው ጎሚኒ ከሾኩ ተለይቶ ሻንሲው ላይ ካለ እሱንም ዝቅ ማድረግ አለባችሁ፤ አለበለዚያ ሾኩ ጎሚኒው ሳይነካ ያልቅና ምቱን ራሱ ይቀበላል። ሁለቱን ስፔሰሮች ባንድ ላይ አትደራርቡ፣ የሁለቱንም ጣጣ ትሰበስባላችሁ።

ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ) ማጥበቅ ልክ ሞላው ላይ እንደሚገባው ስፔሰር ነው። ባሌስትራ (ከተደራረቡ ብረቶች የተሠራ ሞላ) ላይ አክስሉና ባሌስትራው መሃል ብሎክ ሲገባ ባሌስትራው አይለወጥም፣ ሾኩ ግን ይሳባል፤ ረዘም ያለ ሾክ ያስፈልገዋል። ፊት ላይ ብሎክ አታስገቡ፣ ይሄ ለድርድር አይቀርብም።

አለካኩ ቀላል ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙና ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ። ከዚያ ሻንሲውን በክሪክ አንሱ፣ ድጋፍ አስገቡበት፣ ጎማው ነፃ ተንጠልጥሎ ደግማችሁ ለኩ። ልዩነቱ ጎማው ወደ ታች የቀረው ጉዞ ነው። የሾኩ ጉዞ ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ ሾኩ ክንዱ (ጎማውን ከሻንሲው የሚያያይዘው ብረት) ላይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከታሰረና ጎማው 10 ሲሄድ እሱ 6 ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ ሾኩ ላይ የተጨመረ 25 ጎማው ላይ 40 ገደማ ይሆናል። «የ25 ስፔሰር ገዛሁ፣ 40 አነሳኝ» ብሎ የሚደነግጠው ሰው ስሌቱ ይሄ ነው።

ቁመትም ጉዞም የፈለገ ረጅም ሾክ ከሚስማማው ሞላ ጋር ይግዛ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ።

ስትጨርሱ አላይመንት አሠሩ። የክንዶቹን ጎሚኒ የያዙ ብሎኖች ደግሞ መጨረሻ የምታጠብቁት መኪናው በራሱ ክብደት መሬት ላይ ቆሞ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።