«አዘገመ»ን የሚያበላሹ ስህተቶች

የጀማሪ ጸሐፊዎችን ረቂቅ ማረም ከጀመርኩ ወዲህ እንደ «አዘገመ» የተንገላታ ግስ አላየሁም። ወይ ያለቦታው ይገባል፣ ወይ የእሱን ቦታ ሌላ ግስ ይወስድበታል።

በጣም የሚያናድደኝ የመጨረሻው ነው። ደክሞት የሚራመድ ሰው ሁሉ «ተንፏቀቀ» ይባላል። በአንድ አጭር ልብ ወለድ ውስጥ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትመለስ ሴት አለች፤ ጸሐፊው «ቁልቁለቱን እየተንፏቀቀች ወረደች» ይላታል። መንፏቀቅ እኮ መቀመጫን መሬት ላይ እየጎተቱ መሄድ ነው! ገና መቆም ያልቻለ ሕፃን ይንፏቀቃል። ያቺ ሴት ግን በእግሯ ቆማ ነው የምትሄደው። ሸክሙ ወገቧን አጉብጦታል፣ ገመዱ ደረቷ ላይ ጠብቋል፣ ዓይኗ ከፊቷ ካለው ድንጋይ አይርቅም፤ ድንጋዩን በእግሯ ሳትፈትሽ ክብደቷን አትጥልበትም። እንዲህ ያለችው ሴት ታዘግማለች። ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ያመጣትን ሴት ጸሐፊው በአንድ ግስ መሬት ላይ አስቀመጣት።

ሌሎቹ ጎረቤት ግሶችም ይደበላለቃሉ። የሚዳክር ሰው ጭቃ ወይም አሸዋ እግሩን ይዞታል። የሚኳትን ሰው ሥራ ወይም ሰው ፍለጋ ከቦታ ቦታ ሲል የዋለ ነው፤ እርምጃው ፈጣንም ሊሆን ይችላል። የሚንገዳገድ ሚዛኑን ስቷል።

«አዘገመ»ን በ«ዘገየ» ፋንታ መጻፍ የእኔም ጥፋት ነበር። ጋዜጣ ላይ በጀመርኩበት ጊዜ «አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት አዘገመ» ብዬ ጻፍኩ። አንጋፋው አርታኢ «መንገድ ላይ ነበር ወይስ መናኸሪያ ቆሞ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ቆሞ ነበር። የቆመ ነገር ይዘገያል እንጂ አያዘግምም።

«እግሩን አዘገመ» አይባልም። መነሻው ላይ ያለው «አ» ያሳስታል፤ ግን ግሱ እንደ «አለቀሰ» እና «አረፈደ» ተሳቢ አይፈልግም። እግርን «መጎተት» ይቻላል። «በዝግታ አዘገመ» የሚለውም «በዝግታ»ው ይሰረዝ።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። «አዘገመ» የእርምጃውን ፍጥነት ይነግረናል፤ ምክንያቱን አይነግረንም። ሽማግሌም፣ ኀዘንተኛም፣ ጭነት የከበዳት አህያም ያዘግማሉ። ከዚሁ ሥር የወጡት «ዝግመተ ለውጥ» እና «አዝጋሚ ሂደት» ውስጥ ድካም የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ድካሙን ጸሐፊው ራሱ ማሳየት አለበት። «በጣም ደክሟት አዘገመች» ማለት ማሳየት አይደለም፤ አንባቢው ምንም አላየም።

የእንጦጦዋን ሴት የጻፈው ወጣት ረቂቁን ሦስት ጊዜ ከለሰ። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «እያዘገመች ወረደች። በየመታጠፊያው ሸክሟን ግንብ ላይ አስደግፋ ትቆማለች፤ ገመዱን ግን አትፈታውም።» ይህን ሳነብ እርሳሴን አስቀመጥኩ።