የተጠቃሚ ማረጋገጫ ክላስ ኮንስትራክተር ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ለቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚሠሩ የአባላት መመዝገቢያ ሥርዓቶችን ኮድ ሳነብ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ተጠቃሚን በሚያረጋግጠው ክላስ ኮንስትራክተር ላይ ነው። ኮንስትራክተር፣ ማለትም ከክላሱ (ከንድፉ) ኦብጀክት ሲፈጠር በራሱ የሚሠራው የኮድ ክፍል፣ የሚያስፈልገውን ተቀብሎ መያዝ እንጂ ሌላ ሥራ የለበትም። ምሳሌዎቼ በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ ናቸው።

ኮንስትራክተር ውስጥ ዳታቤዝ መክፈት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ኦብጀክቱ ገና ሲፈጠር ግንኙነት ይከፈታል፣ ሴሽን (ማን እንደገባ የሚያስታውሰው መዝገብ) ይነበባል፣ ተጠቃሚው ይፈለጋል። በክረምት መስመር ሲቋረጥ ታዲያ አጋሮ ላለው መዝጋቢ የመግቢያ ቅጹ እንኳ አይከፈትለትም፤ ቅጹ ግን ዳታቤዝ አያስፈልገውም ነበር። ክላሱን ለብቻው መፈተሽም አይቻልም፤ ለአንዲት ትንሽ ሙከራ ሙሉ ዳታቤዝ መትከል ግድ ይላል። ተጠቃሚዎችን የሚፈልግ ሌላ ኦብጀክት ለኮንስትራክተሩ አቀብሉት፤ ግንኙነቱን ያ ኦብጀክት ፍለጋው ሲጠየቅ ይክፈተው።

የይለፍ ቃልን እዚያው ሀሽ ማድረግ። ሀሽ ማድረግ ቃሉን ወደ ኋላ ወደማይመለስ ኮድ መቀየር ነው። ለአዲስ ተመዝጋቢ ጥሩ ይመስላል። ይሁንና ነባሩ አባል ከዳታቤዝ ሲነበብም የሚጠራው ያው ኮንስትራክተር ከሆነ፣ ሀሹ ራሱ እንደገና ሀሽ ይደረጋል። ትክክለኛውን ቃል የጻፈች አባል «ተሳስተዋል» ትባላለች። ሀሽ ማድረጊያው ቢክሪፕት ደግሞ ሆን ተብሎ ዝግ እንዲል የተሠራ ስለሆነ፣ የ200 አባላትን ዝርዝር መክፈት ብቻውን ገጹን ያንቀራፍፈዋል። ሀሽ ማድረግ የምዝገባው ሜተድ (በክላሱ ውስጥ ምዝገባን የሚያከናውነው የኮድ ክፍል) ሥራ ነው።

መስመር መቀነስን እንደ ማቅለል መቁጠር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 የወጣው ፒኤችፒ 8.0 የክላሱን ንብረቶች (ኦብጀክቱ የሚይዛቸውን መረጃዎች) በኮንስትራክተሩ ቅንፍ ውስጥ ማወጅን ፈቅዷል። እኔም የምወደው አጻጻፍ ነው። ችግሩ፣ ሁሉንም «ፐብሊክ» (ከክላሱ ውጭም የሚታይ) ብሎ መደርደር ልማድ መሆኑ ነው። ኦብጀክቱ ወደ ጄሰን (መረጃ መለዋወጫ ጽሑፍ) ሲቀየር ፐብሊክ የሆነው ሁሉ አብሮ ይወጣል፤ የይለፍ ቃሉ ሀሽም ከአባሉ ስም ጎን ወደ ብሮውዘር ይሄዳል። ሀሹን ያለማመንታት «ፕራይቬት» (ለክላሱ ብቻ የሚታይ) አድርጉት።

እውነትና ሐሰትን በተርታ መላክ። «ስልኩ ተረጋግጧል» እና «አስተዳዳሪ ነው» የሚሉ ሁለት ፓራሜትሮች (ኮንስትራክተሩ የሚቀበላቸው ዋጋዎች) ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው ተራውን መዝጋቢ አስተዳዳሪ ያደርገዋል፤ ፒኤችፒም ምንም ስህተት አያይበትም። እዚሁ 8.0 ላይ የመጣው ፓራሜትርን በስሙ ጠርቶ መላክ ይህን ይከላከላል።

ፓራሜትር ማብዛት። ኤኤስፒ ዶት ኔት ኮር አይደንቲቲ በተባለው የማይክሮሶፍት የተጠቃሚ ማስተዳደሪያ ውስጥ የዩዘር ማናጀር ክላስ ኮንስትራክተር 9 ፓራሜትር ይቀበላል፤ ከእሱ የሚወርስ ሁሉ ያንን ሲሸከም ይኖራል። በራሳችሁ ክላስ ከአራት ወይም ከአምስት ካለፈ፣ ምዝገባው፣ መግቢያውና የይለፍ ቃል መቀየሩ በአንድ ክላስ ታጭቀዋል ማለት ነውና ለያዩአቸው።

ግልጽ የይለፍ ቃልን ለኮንስትራክተር መስጠት። ስህተት ሲፈጠር በሚመዘገበው የጥሪ ዝርዝር ላይ ቃሉ እንዳለ ሊታተም ይችላል። የማረጋገጫው ሜተድ ይቀበለው፤ እዚያም በፒኤችፒ 8.2 የመጣው «ሴንሲቲቭ ፓራሜትር» የተባለው ምልክት ይደረግበት።