ለጽሑፋችሁ አንባቢ እንዴት ታገኛላችሁ?

አጫጭር ልቦለዶቼን የማወጣበት የቴሌግራም ቻናል ነበረኝ። ለወራት የሚያነቡኝ ጓደኞቼና ዘመዶቼ ብቻ ነበሩ። ታሪክ በለጠፍኩ ቁጥር ከግርጌው ያለችውን የዓይን ምልክት አያለሁ። ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ጎረቤታችን እኛ ቤት መጡ። የውሃ ቆጣሪያቸው በሟች ባለቤታቸው ስም ነው። ወደ ራሳቸው ስም ለማዞር ማመልከቻ አምጪ ተብለዋል። «አንተ ትጽፋለህ አይደል? እስቲ ይቺን ጻፍልኝ ልጄ» አሉኝ። ጻፍኩላቸው። ማታ ደግሞ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ከነናሙናው ቻናሌ ላይ አወጣሁ። ሳምንት ሳይሞላው ጽሑፉ በማላውቃቸው ግሩፖች ውስጥ ሲዞር አገኘሁት። ናሙና ፍለጋ ከመጡት አንዳንዶቹ እዚያው ቆይተው ልቦለዶቹን ማንበብ ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው በዚህ መንገድ ነው። ሰው የማያውቀውን ጸሐፊ ብሎ አይመጣም፤ የራሱን ጉዳይ ብሎ ነው የሚመጣው። ጉዳዩን በደንብ ከጨረሳችሁለት «ይሄ ሰው ሌላስ ምን ጽፏል?» ብሎ የቆዩ ጽሑፎቻችሁን መፈለግ ይጀምራል።

1. ለማን እንደምትጽፉ ወስኑ

«ለሁሉም አንባቢ» ብላችሁ አትጀምሩ። አንድ ሰው ያዙ። ዘንድሮ ተመርቃ ሥራ የምትፈልግ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖርና ለልጇ ፊደል ማስቆጠር የፈለገች እናትም ልትሆን ትችላለች። የሁለቱ ችግር ለየቅል ነው። የመጀመሪያዋ የሥራ ማመልከቻ ናሙና ትፈልጋለች። ሁለተኛዋ ደግሞ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ብሎ ማስዘመር ሲያቅታት ከየት እንደምትጀምር የሚነግራት ትፈልጋለች። እኔ ብሆን ከልጁ ስም ፊደላት ጀምሪ እላታለሁ። ልጅ ስሙን መጻፍ ይወዳል።

ምን ልጻፍ ብላችሁ አትጨነቁ። ጸሐፊ ከሆናችሁ በእጃችሁ ያለው ቋንቋው ነው። ሰው ደግሞ ቋንቋው የሚያስቸግረው ብዙ ቦታ አለ። የሠርግ ጥሪ፣ የሐዘን መግለጫ፣ የምረቃ ንግግር፣ የምስጋና ደብዳቤ፣ የዕድር ቃለ ጉባኤ። እነዚህን አሳምሮ መጻፍ የሚችል ሰው በየሰፈሩ ይፈለጋል።

2. ጥያቄውን ሰው በሚጠይቅበት አፍ ያዙት

ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይኑራችሁ። ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ፣ ግሩፕ ላይ ሰው ሲጠይቅ የሰማችሁትን ቃል በቃል ጻፉ። ርዕሳችሁ እሱ ነው። «የአቤቱታ አቀራረብ ሥነ ዘዴዎች» የሚል ርዕስ ማንም አይፈልግም። «ማመልከቻ እንዴት ይጻፋል?» ብሎ ነው ሰው የሚጠይቀው።

እዚህ ላይ የፊደሉን ነገር ላንሳ፤ ብዙ ጸሐፊ ይዘነጋዋል። አንዱ «ሥራ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ስራ» ብሎ። «ጸሐፊ»ን «ፀሐፊ» ወይም «ፀሃፊ» ብሎ የሚጽፍ ሞልቷል። የመፈለጊያው ሳጥን እነዚህን ሁልጊዜ አንድ አድርጎ አያያቸውም። ልቦለድ ስጽፍ የምወደውን አጻጻፍ አልለቅም። ጠቃሚ ጽሑፍ ላይ ግን ርዕሱን በአንደኛው አድርጌ መጨረሻ ላይ በሌላኛው አጻጻፍ አንድ መስመር እጨምራለሁ። ፈላጊው እንዳያጣኝ ነው።

3. ሳትሰስቱ ስጡ

ከሁሉም በላይ ሚዛን የሚደፋው ይሄ ነው። ግማሹን ጽፎ «ቀሪውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ» የሚል ጽሑፍ አንባቢን ያርቃል። ሰውየው ጽሑፉን አንብቦ ሲጨርስ እዚያው ቁጭ ብሎ ጉዳዩን መፈጸም መቻል አለበት።

ለጎረቤቴ የጻፍኩትን ላሳያችሁ። እሳቸው መጀመሪያ በልጃቸው አጽፈውት የነበረው እንዲህ ይጀምራል፦ «እኔ አመልካች ባለቤቴ ከዚህ ዓለም በሞት ከተለየኝ ወዲህ ልጆቼን ብቻዬን በማሳደግ ላይ ስሆን በብዙ ችግር ውስጥ በመሆኔ...» ገጹ ሊያልቅ ሲል ነው ቆጣሪ የሚለው ቃል የሚመጣው። ወረቀት ተቆልሎበት የተቀመጠ ሠራተኛ እዚያ ድረስ ላያነብ ይችላል። እኔ እንዲህ አደረግኩት፦ «በባለቤቴ በአቶ እገሌ ስም የተመዘገበው የውሃ ቆጣሪ ወደ እኔ ስም እንዲዞርልኝ አመለክታለሁ።» ምክንያቱ ከዚያ በኋላ በሁለት ዓረፍተ ነገር መጣ።

ቻናሌ ላይ ይህንን ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። የጎረቤቴን ስምና አድራሻ ሰርዤ፣ እሳቸውንም አስፈቅጄ ነው። ቀጥሎ ቅርጹን ከላይ እስከ ታች ጻፍኩ። ከላይ በስተቀኝ ቀን። በስተግራ «ለ» ተብሎ የመሥሪያ ቤቱ ስም። መሃል ላይ «ጉዳዩ፦» ተብሎ በአንድ መስመር የሚጠየቀው ነገር። ከዚያ ጥያቄው፣ ምክንያቱ፣ የተያያዙት ማስረጃዎች ዝርዝር። በመጨረሻ «ከሰላምታ ጋር»፣ ሙሉ ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ። ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ቀድመው ቢሮውን እንዲጠይቁ፣ አንድ ኮፒም ለራሳቸው እንዲያስቀሩም ጨመርኩ። ሰው በጣም የወደደው ይህን የመጨረሻውን ነው።

4. ለስልክ ጻፉ

አብዛኛው አንባቢያችሁ በስልክ ነው የሚያነበው፤ ብዙውም ፓኬጅ እየቆጠበ። አንቀጽ አሳጥሩ። መልሱን ከላይ አድርጉት። የቴሌግራም አንድ መልእክት የሚይዘው 4,096 ሆሄና ምልክት ነው፤ ፎቶ ሥር የሚጻፈው ደግሞ በተለመደው አካውንት 1,024 ብቻ። ስለዚህ ረዘም ያለ ነገር ከሆነ ፎቶውን ተዉት። ጽሑፍን በፎቶ መልክ መለጠፍም ይቅር። ያማረ ይመስላል እንጂ ኮፒ አይደረግም፣ ተፈልጎም አይገኝም።

5. ጊዜውን ቅደሙት

የሠርግ ጥሪ አጻጻፍን ጥር ውስጥ ብታወጡ ጥሪው ቀድሞ ታትሟል። ኅዳር ላይ አውጡት። የጥር ሙሽሮች ያኔ ነው ጉድ ጉድ የሚሉት። ሁለተኛው ወቅት ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ለእሱ ሁዳዴ እንደገባ ማውጣት ይበቃል። የሥራ ማመልከቻ የሚፈለገው ደግሞ ተማሪ በሚመረቅበት ሰሞን ነው። ጎረምሳው ጋዋኑን ሳያወልቅ ጽሑፋችሁ ይጠብቀው።

ሰዓትም አስቡ። እኔ ማታ 2 ሰዓት ላይ እለጥፋለሁ። እዚህ ሰው ከሥራ ገብቶ ስልኩን ይዟል። ዋሽንግተን ላይ ደግሞ የምሳ ሰዓት ነው። ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ነው የሚቆጥረው።

6. ሰው ያለበት ሄዳችሁ መልሱ

ሊንክ በየግሩፑ መወርወር ሰው ያስቀይማል። ቴሌግራም ከስልካችሁ ማውጫ እስከ 200 ሰው ድረስ ራሳችሁ ቻናላችሁ ውስጥ እንድታስገቡ ይፈቅዳል፤ ሳይጠየቅ የገባ ሰው ግን ወዲያው ይወጣል ወይም ድምፁን ያጠፋል። እኔ አንድ ሰው ግሩፕ ላይ ሲጠይቅ እዚያው በሦስት በአራት መስመር እመልስለታለሁ። ዝርዝሩን ለፈለገ ሊንኩን ከታች አስቀምጣለሁ። መልሱ ያለ ሊንኩም መብቃት አለበት።

7. ወደ ራሳችሁ ሥራ ጋብዙ

በጠቃሚው ጽሑፍ ግርጌ አንዲት መስመር ብቻ አኑሩ። የምትጋብዙት ታሪክ ከጉዳዩ ጋር ቢዛመድ ይመረጣል። እኔ ከማመልከቻው ሥር ያስቀመጥኩት በአንድ ቢሮ በር ላይ ወረፋ ስለሚጠብቁ ሁለት ሰዎች የጻፍኩትን ልቦለድ ነበር። ማመልከቻ ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ያንን ታሪክ ያውቀዋል። ሁለት ጠቃሚ ጽሑፍ ካወጣሁ በኋላ አንድ ልቦለድ አወጣለሁ፤ የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብዬ ያሰብኳቸው አንባቢዎች አንድ ላይ ሲያነቡ አያለሁ።

8. የቆየውን አትርሱት

አሠራር ይቀየራል። አምና የጻፋችሁት ዘንድሮ ሰው ያሳስት ይሆናል። በየጊዜው እየተመለሳችሁ አርሙ፤ ያረማችሁበትን ቀን ከላይ ጻፉ። አንዴ አንዲት አንባቢ የማስረጃዎቹን ዝርዝር ከፊርማው በታች «አባሪ» ብዬ ባደርገው እንደሚሻል ጻፈችልኝ። መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው። ወረቀቱን የሚቀበለው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግርጌውን ነው አለችኝ። እንዳለችው አስተካከልኩና አመሰገንኳት። አሁን ሰዎች መዝገብ ቤት መጥተው የሚቸገሩበትን ነገር እየመዘገበች ትልክልኛለች። ቀጣዮቹን ሦስት ጽሑፎች ያገኘሁት ከእሷ ነው።