ሁለቱን የኩላሊት እጥበቶች ሲያጣምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዐረብ አገር ዘመድ ያለው የወሎ ቤተሰብ ስለ ኩላሊት እጥበት ሲመካከር፣ ከጂዳ ወይም ከሪያድ «በሆድ የሚደረገውንም ብንጨምርበትስ? ፈሳሹን እኛ እንልካለን» የሚል ስልክ ሊመጣ ይችላል። በማሽን ሲታጠቡ ደሙ ወጥቶ በማሽኑ ተጣርቶ ይመለሳል፤ በሆድ ሲታጠቡ ደግሞ ፈሳሽ በቱቦ ሆድ ውስጥ ገብቶ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ሁለቱን የማጣመሩ ሐሳብ ከንቱ አይደለም። በተለይ ጃፓን ውስጥ ታማሚው በሳምንት አምስት ወይም ስድስት ቀን ቤቱ በሆድ ይታጠብና አንድ ቀን ሆስፒታል ሄዶ በማሽን ይታጠባል።

የመጀመሪያው ስህተት ግን ፈሳሹን ከባለሙያው ማስቀደም ነው። በአገራችን ሥር የሰደደ የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው በአብዛኛው የሚታጠበው በማሽን ነው። የሆድ እጥበት ቱቦውን የሚያስገባ ሐኪም፣ ቤተሰቡን የሚያሠለጥን ነርስ፣ ኢንፌክሽን ሲጠረጠር ፈሳሹን የሚመረምር ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ክብደቱም አለ፦ ሁለት ሊትር በቀን አራት ጊዜ የሚቀይር ሰው በቀን ስምንት፣ በወር 240 ሊትር ያህል ያስፈልገዋል። ያንን ከኮምቦልቻ ወረኢሉ ወይም መካነ ሰላም ድረስ ሳይቋረጥ ማን ያደርሰዋል? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ሻንጣ መሙላት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛው፣ «ሁለት ከሆነ እጥፍ ይጸዳል» ብሎ ጨውንና ውሃን መልቀቅ ነው። የማሽኑ ቀን የሚጨመረው የሆዱ ብቻውን ስላልበቃ ነው። ማሽኑ የተጠራቀመውን ውሃና በሆድ በኩል በቀላሉ የማይወጡ ትልልቅ ቆሻሻዎችን ያግዛል፤ እብጠትና የደም ግፊት የሚሻላቸው ብዙ ናቸው። ዕድሜ ያረዝማል ብሎ ቃል የሚገባን ሰው ግን አትመኑ። አብዛኞቹ ጥናቶች ታማሚዎችን የተከታተሉ እንጂ በዕጣ ከፍለው ያወዳደሩ አይደሉም፤ ለጥምሩ የተመረጡት ሰዎች ከመነሻውም ጠንከር ያሉ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የቀረውን ሽንት መናቅ ነው። እጥበት የጀመረ ሰው ኩላሊቱ ጨርሶ ሞቷል ተብሎ ይታሰባል። በቀን ጥቂት የሚሸና ሰው እንኳ ትልቅ ሀብት አለው፤ የሆድ እጥበት ከሚመሰገንበት አንዱ ይህን ሽንት ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየቱ ነው። ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን፣ ምንነቱ ያልታወቀ የሥር ጭማቂም ሊያጠፋው ይችላል። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ብዙ ውሃ ሲስብና ግፊት ሲወርድም ይጎዳል።

ከሆድ የወጣው ፈሳሽ ከደፈረሰ ወይም ሆድ ከታመመ «ማክሰኞ ለማሽኑ ደሴ መውረዴ አይቀር» ብሎ መጠበቅ አደገኛ ነው። የሆድ ዕቃ ሽፋን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል የደፈረሰውን ከረጢት ይዞ በዚያው ቀን መሄድ ያስፈልጋል።

ምግብ ላይ ደግሞ የጎረቤትን ታማሚ መኮረጅ አለ። በማሽን ብቻ የሚታጠብ ሰው ፖታሲየም የተባለው ማዕድን የሚበዛባቸውን ሙዝ፣ ብርቱካንና አቮካዶ ሊከለከል ይችላል፤ በሆድ የሚታጠበው ፖታሲየም በየቀኑ ስለሚወጣለት ገደቡ ሊላላለት ይችላል። ጥምር ላይ ያለው ልኩን የሚያውቀው በደም ምርመራ ነው። በሆዱ ፈሳሽ ፕሮቲንም አብሮ ስለሚወጣ ጿሚው፣ የሁዳዴም ሆነ የረመዳን፣ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ስኳር ያለበት ሰው ፈሳሹ ራሱ ግሉኮስ እንዳለው አይርሳ።

የማሽኑ ቀን በሳምንት አንዴ ስለሆነ ፊስቱላ (ለማሽኑ መርፌ በቀዶ ጥገና የተገናኘ የደም ሥር) ያለበትን ክንድ መዘንጋትም ይመጣል። በዚያ ክንድ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፣ ከባድ ነገር አይንጠለጠልም። ጠዋት ጠዋት ጣት ሲያስቀምጡበት ንዝረቱ ከጠፋ ቀጠሮ አይጠበቅም።