አዲስ ኤሊ ለጓሮዎ ሲረከቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤሊ ስትታመም አትጮኽም። የታመመ ውሻ ያቃስታል፣ የራባት ድመት ከሰው እግር ሥር አትጠፋም፤ ኤሊ ግን ዛሬ የማይስማማትን ብትበላ ጉዳቱ በቅርፊቷ ላይ የሚታየው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የተጣመመውን የሚያቃና መድኃኒት አይገኝም። ስለዚህ ኤሊ የሚያሳድግ ሰው የሕመም ምልክት እስኪያይ ድረስ መጠበቅ አይገባውም፤ ኤሊዋ ወደ ጓሮው ከመግባቷ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በአሪዞና፣ በፊኒክስ ከተማ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ይዛወር ከነበረ ቤተሰብ አንዲት ኤሊ ተረከብን። በልጅነታችን አገር ቤት ያየናት ኤሊ ማንም ሳይንከባከባት በግቢው ጥግ ሣር ስትግጥ ትኖር ስለነበር፣ ይህችኛዋም ከዚያ የበለጠ ነገር አትጠይቅም ብለን አስበን ነበር። ከዚህ በታች ከምጽፋቸው ስህተቶች አንዳንዶቹን የተማርናቸው በእሷ ላይ ነው።

ዝርያዋን ሳያጣሩ መቀበል

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ሌሎቹ አብዛኞቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸውና። በፊኒክስ ጓሮዎች ውስጥ በብዛት የሚገኙት ኤሊዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛዋ የአካባቢው ተወላጅ የሆነችው የሶኖራ በረሃ ኤሊ ናት፤ ስታድግ ርዝመቷ ከ25 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በማደጎ የምትሰጠውም በክፍለ ግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በኩል ነው። ሁለተኛዋ ሱልካታ የምትባለው የአፍሪካ ኤሊ ናት። የሱልካታ አገሯ ከሰሐራ በረሃ በስተ ደቡብ ከሴኔጋል ተነሥቶ እስከ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ኤርትራ የሚዘልቀው ደረቅ ምድር ስለሆነ፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የአገር ልጅ ናት ማለት ይቻላል።

ሱልካታ ከእንቁላል ስትወጣ መዳፍ ላይ ታርፋለች፤ ሰዎችም ከሱቅ የሚገዟት በዚህ መጠኗ ነው። ይሁን እንጂ በደንብ ያደገ ወንድ ሱልካታ ከ45 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ከዚህ በእጅጉ የሚበልጡም አሉ። የአካባቢውን የኤሊ መጠለያዎች ያጨናነቁት፣ አሳዳጊዎቻቸው ይህን ሳያውቁ ገዝተዋቸው በኋላ አቅም ያጡባቸው ሱልካታዎች ናቸው። ስለዚህ ከመረከብዎ በፊት ዝርያዋን፣ ግምታዊ ዕድሜዋን፣ ምን ትበላ እንደነበርና ብርዱን የት ታሳልፍ እንደነበር ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ። እኛ አልጠየቅንም ነበር፤ ሱልካታ መሆኗን የነገረን ከሦስት ወር በኋላ ያሳየናት የእንስሳት ሐኪም ነው።

የብርዱን ወራት ለሁሉም አንድ አድርጎ ማየት

የሶኖራ በረሃ ኤሊ ከጥቅምት መጨረሻ ወይም ከኅዳር ጀምራ እስከ መጋቢት ድረስ በጉድጓዷ ውስጥ ትተኛለች። ይህ ተፈጥሮዋ ነው፤ ጤነኛ ከሆነች መቀስቀስም ሆነ በግድ መመገብ አያስፈልግም። ሱልካታ ግን እንዲህ ያለ እንቅልፍ አታውቅም። የትውልድ አገሯ እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለው ሰውነቷ ለዚያ አልተሠራም። የጎረቤቱ ኤሊ እንደተኛች አይቶ የራሱን ሱልካታ በብርድ የሚተው ሰው፣ በጸደይ ጉድጓዱን ሲከፍት በሳንባ ምች የታመመች ወይም የሞተች ኤሊ ሊያገኝ ይችላል።

ለሱልካታ ግድግዳውና ጣሪያው ሙቀት እንዳያሳልፍ ተደርጎ የተሠራ የሌሊት ቤት ያስፈልጋታል። እኛ በወፍራም ኮምፔርሳቶ ሠርተን፣ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ሙቀት የሚይዝ ሰሌዳ አስገብተን፣ በበሩ ላይ እየገፋች የምታልፍበት የላስቲክ መጋረጃ ሰቅለንበታል። ማሞቂያው ሙቀቱን ከሚቆጣጠር መሣሪያ (ቴርሞስታት) ጋር የተያያዘ ስለሆነ ውስጡ ከ20 ዲግሪ ብዙም አይወርድም። ድርቆሽ ባለበት ቤት ውስጥ የሙቀት አምፖል መስቀል ግን እሳት መጋበዝ ነው። ለእርሻ እንስሳት የሚሠሩት ጠፍጣፋ የማሞቂያ ምንጣፎች ከዚህ ይልቅ አስተማማኝ ናቸው። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ወቅት በየምሽቱ መግባቷን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ኤሊ ቤቷን እስክትለምድ ድረስ ፀሐይ ባገኘችበት የመጨረሻ ቦታ ላይ መሽቶባት ትቀራለች፤ ብርድ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ከሁሉም ይከፋል።

አንድ ማለዳ የኛዋ አፍንጫ ላይ ስትተነፍስ የምታብጥና የምትፈነዳ ትንሽ አረፋ አየሁ፤ የምስር ፍሬ አታክልም። ያችን አረፋ በቸልታ ባልፋት ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ሐኪሙ ነግሮኛል። ከአፍንጫ ፈሳሽ ከወጣ፣ ዓይኗ ካበጠ ወይም አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ቀን ሳይቆጠር ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

የበጋውን ሙቀት መናቅ

«የበረሃ እንስሳ ናት፣ ሙቀት ምን ያደርጋታል?» የሚለው አባባል ብዙ ኤሊዎችን ገድሏል። ኤሊ አታልብም፤ በበረሃ የምትኖረው ሙቀቱን ችላ ሳይሆን ከመሬት በታች ገብታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በጋ በፊኒክስ ለ31 ተከታታይ ቀናት የቀኑ ሙቀት 43 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የዛፍ ጥላ ብቻውን አይበቃም።

የሚያድናት ጉድጓድ ነው። ለበረሃ ኤሊ ከብሎኬትና ከወፍራም እንጨት ተሠርቶ በላዩ አፈር በብዛት የተከመረበት ዋሻ ይስማማታል፤ የዋሻው አፍ የከሰዓት ፀሐይ በማያገኘው አቅጣጫ መሆን አለበት። ሱልካታ በራሷ ትቆፍራለች፤ ቁፋሮዋ ጥልቅ ስለሆነ ከቤት መሠረት፣ ከአጥርና ከውኃ ቧንቧ አጠገብ እንዳትጀምር ቀድሞ ቦታውን መምረጥ ይገባል። ከቤት ግድግዳ ጋር ከጀመረች ወዲያውኑ በትልልቅ ድንጋይ ይዝጉባትና በመረጡት ቦታ ጀማሪ ጉድጓድ ቆፍረው ያሳዩአት።

ከእኛ ማዕድ ማካፈል

እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ስህተት መከላከል ይቸግረኛል። ወዳጆቻችን ፍቅራቸውን የሚገልጹት በማጉረስ ነው፤ ኤሊዋም የተሰጣትን ሁሉ ትበላለች። እንጀራም ሆነ ዳቦ፣ ሩዝም ሆነ ፓስታ ግን ለኤሊ አንጀት አልተፈጠረም። የውሻና የድመት ምግብ ከዚህም ይብሳል፤ የፕሮቲኑ ብዛት ኩላሊቷን ይጎዳል።

የሱልካታ ዋና ምግብ ሣርና ድርቆሽ ነው፤ ከምትበላው አብዛኛው ይኸው መሆን አለበት። ሣር ስትግጥ ቀረብ ብሎ ላያት ሰው ጉዳዩ ግልጽ ነው፤ ጥርስ የሌለው አፏ እንደ መቀስ ይገጥማል፣ የፊት እግሯን መሬት ላይ ተክላ አንገቷን ወደ ጎን ትስባለች፣ ሣሩም ጭርር እያለ ይበጠሳል። መንጋጋዋም አንጀቷም ለዚህ ሥራ የተሠሩ ናቸው። እሾሁ የተነሣለት የበለስ ቁልቋል ቅጠል ካልሲየምም ውኃም ስላለው ለሁለቱም ዝርያዎች እጅግ ጥሩ ነው። የበረሃ ኤሊ ከሣር በተጨማሪ የዱር ቅጠላ ቅጠልና አበባ ትወዳለች። ፍራፍሬ ስኳሩ የሱልካታን አንጀት ስለሚያውክ ባይሰጣት ይመረጣል። ቆስጣና ስፒናች አዘውትሮ መስጠት ካልሲየም ወደ ሰውነቷ እንዳይገባ ያግዳል፤ የገበያ ሰላጣ ደግሞ ከውኃ ያለፈ ነገር የለውም።

የቅርፊቷ ክፍሎች እንደ ትናንሽ ኮረብታዎች ወደ ላይ የሚያብጡት፣ በማደግ ላይ ሳለች ምግቧ ሲዛባ፣ ውኃና እርጥበት ሲያንሳት፣ ወይም ፀሐይ ስታጣ ነው። ፀሐይ ስል በመስኮት መስታወት አልፎ የሚገባውን ብርሃን ማለቴ አይደለም። ካልሲየም አጥንት ውስጥ እንዲገባ የሚያደርገውን ቫይታሚን ዲ ሰውነቷ የሚሠራው በአልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ መስታወት ደግሞ ያንን ጨረር ያስቀረዋል።

ጓሮው ውስጥ ያለውን ሁሉ ምግብ አድርጋ እንደምትቆጥረውም አይዘንጉ። በፊኒክስ አጥሮች ሁሉ ላይ ሮዝና ነጭ አበባውን አንጠልጥሎ የሚታየው ኦሊያንደር ገዳይ መርዝ ነው፤ ነፋስ የሚያወርደው ደረቅ ቅጠሉ እንኳ አደገኛ ነው። ሳጎ ፓልም የሚባለው የጓሮ ተክልም እንደዚሁ። እኛ ከጎረቤት የሚረግፈውን ለቅመን ስላልዘለቅነው፣ በአጥሩ በኩል ያለውን ቦታ ከልለን ለኤሊዋ ዘግተነዋል። ፀረ አረም፣ ፀረ ተባይና የሣር ማዳበሪያ የተረጨበት መሬትም ለግጦሽ አይሆንም።

ውኃ አትፈልግም ብሎ ማሰብ

የበረሃ ኤሊ ውኃ በፊኛዋ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ማጠራቀም ትችላለች፤ የሚጠራቀመው እስከ ሰውነቷ ክብደት 40 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ድንገት ሲያነሷት ስትደነግጥ ይህንን ውኃ ታፈሰዋለች፤ ልጆች ለጨዋታ ሲያነሱዋት የሚደርስባት ጉዳትም ይህ ነው። ግዴታ ካልሆነ አትነሣ፤ ግድ ሲሆን በሁለት እጅ፣ ወደ ጎን ሳትዘነብል፣ ከመሬት ብዙ ሳትርቅ።

ከአበባ ማሰሮ ሥር የሚደረገው ጠፍጣፋ የሸክላ ሳህን፣ ከመሬቱ እኩል ተቀብሮ በየቀኑ ንጹሕ ውኃ ቢሞላበት መልካም የመጠጫ ገንዳ ይሆናል። ትናንሾቹን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለብ ባለ፣ ከአገጫቸው በማያልፍ ውኃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያህል ማቆየት ይጠቅማል። ከሽንቷ ጋር የሚወጣውን ነጭ ነገር ይመልከቱት፤ እንደ እርጎ የለሰለሰ ከሆነ ደህና ናት፣ እንደ አሸዋ ከሻከረ ውኃ አንሷታል፤ ሲቆይም በፊኛዋ ውስጥ ድንጋይ ይሠራል።

ብቻዋን ናት ብሎ ማዘን

«ጓደኛ እንፈልግላት» የሚለው ሐሳብ ከሰው ልጅ ጠባይ የመጣ ነው። ኤሊ ብቸኝነት አይሰማትም። ሁለት ወንዶች አንድ ላይ ከሆኑ ይዋጋሉ፤ የተሸነፈው በጀርባው ከተገለበጠ ሳንባው ከላይኛው ቅርፊት ሥር ስለሆነ የውስጥ አካሉ ይጫነዋል፣ ፀሐይ ላይ ከሆነም በአጭር ጊዜ ይሞታል። ወንድና ሴት ከሆኑ ደግሞ ሴቷ ያለ ዕረፍት ትሳደዳለች፤ ሱልካታ በአንድ ጊዜ 15፣ 20 ከዚያም በላይ እንቁላል ስለምትጥል ለሚፈለፈሉት ሁሉ ቤት ማግኘት አይቻልም። የሶኖራን በረሃ ኤሊ ያለ ፈቃድ ማራባት በአሪዞና በሕግም የተከለከለ ነው። ሁለቱን ዝርያዎች በአንድ ጓሮ ማዋሉም የመተንፈሻ አካላትን በሽታ ያስተላልፋል።

ውሻንም እንደ ጓደኛ አይቁጠሩት። ለዓመታት ዝም ብሎ ያያት ውሻ አንድ ቀን ብቻቸውን ሲቀሩ እንደ አጥንት ይግጣታል። ቅርፊቷ ደግሞ እንደ ልብስ የሚወልቅ ሽፋን ሳይሆን ደምና ስሜት ያለው ሕያው አጥንት ነው፤ ቀለም መቀባትም ሆነ ገመድ ለማሰር መብሳት የማይፈቀደው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚያሳይ አጥርና ያልተከለለ ገንዳ

በሽቦ አጥር ማዶውን ያየች ኤሊ ቀኑን ሙሉ አፍንጫዋን እያጋጨች ትሞክራለች፤ ስለዚህ የማያሳይ ግንብ ይሻላል፣ ግርጌውም ወደ መሬት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ቢቀበር። የመዋኛ ገንዳ ካለዎት ዙሪያውን ይከልሉ። የየብስ ኤሊ መዋኘት አትችልም።

እጅ አለመታጠብ

ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ሳልሞኔላ የሚባለውን፣ ሰውን በተቅማጥ የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትሸከም ትችላለች። ከነኳት በኋላ በሳሙና መታጠብ፣ የመጠጫ ሳህኗን ምግብ በሚሠራበት ወጥ ቤት አለማጠብ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከእሷ ማራቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎችን መሸጥ የተከለከለው፣ ሕፃናት ወደ አፋቸው እያስገቧቸው ስለታመሙ ነው።

ሲከብድ ወደ በረሃ መልቀቅ

በጓሮ ያደገች ኤሊ በበረሃ ነፃ አትወጣም። ሱልካታ ከሆነች የመጀመሪያውን ብርድ አታልፍም፤ የበረሃ ኤሊ ከሆነች ደግሞ ከጓሮ የያዘችውን በሽታ ለዱር ዘመዶቿ ታዛምታለች። ማቆየት ካልቻሉ የበረሃዋን ለዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ፣ ሱልካታዋን ቦታ ላለው መጠለያ ያስረክቡ፤ ተራ መጠበቅ ሊኖር ስለሚችል ችግሩ ሳይጠና ይጀምሩ።

ሱልካታ 70 ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች፤ የኛዋ ደግሞ ሐኪሙ እንደገመተው ገና 20 አልሞላትም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የቤታችንን የውርስ ወረቀት ስናዘጋጅ ስለ እሷ አንድ ገጽ ጨመርንበት፤ ማን እንደሚረከባት፣ ማሞቂያዋ በየትኛው ወር እንደሚበራ፣ ድርቆሿ ከየት እንደሚገዛ፣ ሐኪሟ ማን እንደሆነ ተጽፎበታል። ልጃችን ገጹን አንብባ «አበባ ሲወድቅላት ደስ እንደሚላት አልጻፋችሁም» ብላ፣ ከቁልቋሉ የሚረግፈውን ቢጫ አበባ በግርጌው በራሷ እጅ ጨመረችበት።